ቤት የቀረችው ቁራጭ

ላቡዋን ባጆ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2003 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አክስቴ ለፑዋንግ ጁማሪያ
ታና ቤሩ

አሰላሙ አለይኩም። ይህች ወረቀት እርስዎን፣ አጎቴን ፑዋንግ ማካሱን፣ ቤቱንና ከቤቱ ሥር የሚጫጫሩትን ዶሮዎች ሳይቀር በጤና ታግኛችሁ። እኔ በእናንተ ዱዓ ደህና ነኝ። የጎደለኝ የእናንተ ፊትና የባለቤቴ የኒስፓ ወጥ ብቻ ነው። ለእሷ ለብቻዋ ጽፌላታለሁ፤ እርስዎ ከፍተው እንደሚያነቡት ስለማውቅ የሚያሳፍር ነገር አልጨመርኩበትም።

ለምን አይደውልም እንዳትሉኝ። የታና ቤሩ ስልክ ቤት አንድ ሰው ሲያወራ ግማሽ መንደር ቆሞ ያዳምጣል። ደብዳቤውን ወደ ቢራ ወደብ ለሚሄደው ጀልባ ሰዎች እሰጣለሁ፤ ቢዘገይም ጆሮ የለውም።

መርከባችን «ሶምባላ» ደህና ናት። አጎቴ እጃቸው ይባረክ፣ ወደቡ ላይ ስንቆም የሌሎች መርከብ ካፒቴኖች መጥተው ጎኗን ይደባብሳሉ። እንግዶቻችን ሳምንት ሙሉ እሷው ላይ ይበላሉ፣ እሷው ላይ ይተኛሉ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የአየር ጋን አዝለው ወደ ጥልቁ ይወርዳሉ። ጋኑን የሚሞላው ሞተር ከማለዳ ጀምሮ ሲያጓራ ይውላል። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከባሕር ሲወጡ ግን ሕፃን ይሆናሉ። አንዲት ሴትዮ ክንፋሙን ዓሣ አየሁት ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ይህን ለኒስፓ አይንገሯት።

ሁለት ጉዳይ አለኝ። የመርከቧ ባለቤት ፓ ዊሪያ እንግዳ በዝቶበታል። አሁን ካሉት ሁለት ፎቆች በላይ ሌላ አራት ክፍል ያለው ፎቅ ቢጨመርስ ይላል። አጎቴ ምን ይላሉ?

ሁለተኛው ቀላል ነው። አንድ ምሽት እራት ላይ ለእንግዶቹ ከ«ሶምባላ» እንጨት ስለተቆረጠው ቁራጭ አወራኋቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው ነው የሰሙኝ። ፓ ዊሪያም በጣም ስለወደደው፣ ቤት ያለውን ቁራጭ ብትልኩልን ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንስቀለው ብሏል። በመስታወት ሣጥን አስገብቶ በክብር ሊያስቀምጠው ነው።

አክባሪዎ የወንድምዎ ልጅ
ሳምፓራ

*

ታና ቤሩ፣ መስከረም 2 ቀን 2003

ለልጄ ለሳምፓራ

ወአለይኩም ሰላም። አላህ ከማዕበል፣ ከክፉ ጓደኛና አንገት ላይ ከሚጠመጠሙ ሴትዮዎች ይጠብቅህ። ለኒስፓ ነግሬያታለሁ። ስቃለች፤ ቀጥላ ግን ዓሣውን የምትከትፍበትን ቢላዋ ስታሾል አይቻታለሁ።

ሁላችንም ደህና ነን። የኒስፓ ሆድ ገፍቷል፤ አዋላጇ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ነው ትላለች። አጎትህ ጉልበቱን ያመዋል። ግቢው ውስጥ አዲስ መርከብ የለም። ከ«ሶምባላ» በኋላ መጥረቢያ አላነሳም፤ ሲጠይቁት «ጨርሻለሁ» ነው መልሱ። ባሕር ዳር ወርዶ የሌሎቹን ሥራ እየተቸ ይመለሳል፤ ስድቡ እንኳ ቀንሷል።

ስለ ፎቁ ጠየቅኩት። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አስነበበኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ባሕሩ ሄደ፤ ተመልሶ ሩዙን በላ፤ እጁን ሲታጠብ ብቻ መለሰልኝ። «የሁለት ፎቅ ዳሌ ነው የሰጠኋት። ሦስተኛ ከጫነባት የምዕራብ ነፋስ በመጣ ጊዜ እሱ ራሱ ያየዋል። አይሆንም በይው» አለ። እኔም አይሆንም ብዬሃለሁ። ቀጭን ሴት በራሷ ላይ ሁለት እንስራ ብትደርብ አንዱ ነገር መሰበሩ አይቀርም፤ ወይ እንስራው ወይ አንገቷ።

የቁራጩን ነገር ሳነብ ግን ወረቀቱን ልቀድደው ነበር። የ«ሶምባላ» አከርካሪ እንጨት ጫፎቹ ሲቆረጡ የፊተኛው ባል ነው ብለን ወደ ባሕር አልጣልነውም? የኋለኛው ሚስት ናት፣ መርከቧና ሰዎቿ እንዲመለሱ ቤት ሆና ትጠብቃለች ብለን አላስቀረናትም? መሬት እንዳትነካ ከመጋዙ ሥር ዘለህ የቀለብካት ማን ሆነና ነው? አሁንም በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ከመሰላሉ በላይ ካለው ወጋግራ ተንጠልጥላለች። ኒስፓ በወጣች በገባች ቁጥር በእጇ ትነካታለች። የምትጠብቅ ሚስት ተነቅላ ባሕር ላይ ለሚበላ ሰው መታያ አትሆንም። ለፓ ዊሪያህ ከፈለገ የእኔን ፎቶግራፍ እልክለታለሁ፤ እሱን ይስቀል።

አክስትህ
ጁማሪያ

*

ላቡዋን ባጆ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላምታዬ ከባሕሩ ይብዛ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይህን ወር ለኒስፓ ከወትሮው አብልጬ ልኬያለሁ። ለሕፃኑ ልብስ፣ ለአጎቴ የጉልበት ቅባት፣ ለእርስዎም የፈለጉትን ይግዙበት።

እንግዳ ሞልቷል። ባለፈው በደሴቶቹ መካከል ባለው ሰርጥ ስናልፍ ማዕበል ገፋ አደረገንና የመደርደሪያው ብርጭቆ ሁሉ ወረደ። እንግዶቹ ጨዋታ መስሏቸው አጨበጨቡ። ወጥ ሠሪያችን ባዱላ ለእርስዎ ሰላም ብሏል። ከታች መተኛት ትቶ አሁን ደጅ፣ ከትንሿ ጀልባ አጠገብ ነው የሚያድረው፤ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የወደቡ ሰዎች መርከቧ ስትሠራ ለስንት ፎቅ እንደታሰበች ከሠሪው ቃል ይፈልጋሉ። አጎቴ ሁለት መስመር አስጽፈው አውራ ጣታቸውን ቢያኖሩበት ይበቃል። «ጠንካራ ናት፣ የሚጫንባትን ትችላለች» ቢሉ ውሸት አይሆንም። ጠንካራ ናታ።

ስለ ቁራጩም ፓ ዊሪያ ደግሞ ጠይቆኛል።

ሳምፓራ

*

ታና ቤሩ፣ ኅዳር 9 ቀን 2003

ሳምፓራ

አላህ ይጠብቅህ። የላክኸው ደርሷል። በዛ። ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆን እኔ እፈራለሁ።

ባዱላን እኔ ነኝ ያሳደግኩት። በበጋ ሙቀት ሁለት ሽርጥ ደርቦ የሚተኛ ልጅ ነው፤ ሙቀት አላስተኛ አለው ትለኛለህ? ባዱላ ደጅ የሚያድረው ከደጅ መዝለል ስለሚቀል ነው። ስለ ፎቁ ላመጣሁልህ መልስም እሺም እምቢም አላልከኝም። ሠርታችሁታል፤ አይደል?

ደብዳቤህን ለአጎትህ ሳነብለት ብርጭቆው ጋ ስደርስ እጄን ያዘኝ። እንዲህ ብለሽ ጠይቂው አለኝ፤ ቃል በቃል ነው የምጽፍልህ። «መርከብ ትጋደማለች፤ መጋደም ነውር የለውም። ነውሩ ተጋድሞ ማሰብ ነው። የኔ ልጅ ስትጋደም በስንት ትንፋሽ ትነሳለች? ከዚህ ስትወጣ በአንድ ነበር።»

አውራ ጣቱን አልሰጠም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ለይስሙላ ነው የሚቀምሰው። የምዕራቡ ነፋስ ሳይገባ አፍርሱት ብሏል። ወደብ ላይ ቁማ ትሠራ፤ ፎቁ ይውረድ፤ ከዚያ እንደ ልባችሁ ሂዱ።

ዘጠኝ የመንደራችን ልጆች አሉህ እዚያ። በየቀኑ ውሃ ስቀዳ ከእናቶቻቸው ጋር እገናኛለሁ። «ሳምፓራ ምን አለ?» ይሉኛል። «ደህና ናቸው» እላለሁ። ከእንግዲህ ምን ልበላቸው?

ጁማሪያ

*

ላቡዋን ባጆ፣ ኅዳር 30 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ

ሰላም ለቤቱ ይሁን። ከእርስዎ የሚሰወር ነገር የለም፤ ስለዚህ ልናገር።

ፎቁ ቆሟል። የመጀመሪያ መልስዎ እጄ ሲገባ ምሰሶዎቹ ቆመው ነበር። ፓ ዊሪያ «አጎትህን ጠይቅ» ያለኝ እንጨቱ ከተገዛ በኋላ ነው። እኔም የጠየቅኩት እሺ የሚለውን ለመስማት ብቻ ነበር። አፍሬያለሁ።

ለአጎቴ ጥያቄ መልሱ ሦስት ነው። በሦስት ትንፋሽ ትነሳለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ባዱላ የትንሿን ጀልባ ገመድ ይይዛል፤ እኔም መሪውን ይዤ እቆጥራለሁ።

ለፓ ዊሪያ ነግሬዋለሁ። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ይበላል፣ የሠራተኛውን ሁሉ ስም ያውቃል። ግን ባሕሩን የሚያውቀው ከወንበር ላይ ሆኖ ነው። «ሳምፓራ፣ እስከ ዛሬ ወድቃለች?» አለኝ። አልወደቀችም አልኩት። «ታዲያ አንተ ምን ነካህ?» አለ። ከአዲስ ዓመታቸው በኋላ ከሥር እንድትከብድ ሆዷ ውስጥ ድንጋይ እንጨምራለን ብሏል። ታኅሣሥ 20 የምንወጣበት ጉዞ ሞልቷል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብቻ ስምንት ሰው ይተኛል።

ለምን አትወርድም ትሉኛላችሁ። እኔ ብወርድ ሌላ ይወጣል፤ እኔ ቢያንስ አመሏን አውቃለሁ። ልጆቹስ በምን አፌ ውረዱ ልበላቸው? አንዱ እናቱን ያሳክማል፣ አንዱ ለሠርጉ ነው። ይህን አንድ ጉዞ ብቻ አድርገን እንመለስ። ቀስ ብዬ፣ ደሴቶቹን ተጠግቼ እነዳለሁ።

እንቢ ካላሉኝ ደግሞ ቁራጯን ላኩልኝ። ፓ ዊሪያ ደስ ይለዋል፤ ደስ ካለው ስለ ድንጋዩ ይሰማኛል። ጥያቄው እንደሚያስጠላችሁ አውቃለሁ፤ ግን በእጄ የቀረኝ መለመኛ ይኸው ብቻ ነው።

ኒስፓን እንዳታስደነግጧት።

ሳምፓራ

*

ታና ቤሩ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2003

ሳምፓራ

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ ሳነብ ኒስፓ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። አላየኋትም።

አጎትህ ዛሬ ከቢራ በሚነሳው ጀልባ ወደ አንተ ይሳፈራል። ይህን ወረቀት ይዞልህ የሚመጣው እሱ ራሱ ነው። የጠየቅኸውንም ይዞልሃል።

ወጋግራው ከፍ ስላለበት ሊያወርዳት አልቻለም። ኒስፓ ያንን ሆድ ይዛ ሙቀጫው ላይ ቆመች። ውረጂ፣ እኔ ሰው እጠራለሁ አልኳት። «ተዉኝ ፑዋንግ። የጠየቀው እኔን ነው» አለችኝና ገመዱን ፈታችው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አጎትህን ተቀበለው። ጉልበቱን ያመዋል፤ መወጣጫው ላይ ክንዱን ያዝለት።

ጁማሪያ

*

ላቡዋን ባጆ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2003

ለተከበሩ አክስቴ

ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ እናቶቹ ውሃው ጋ ሲጠይቁዎት እንዲመልሱላቸው።

አጎቴ የመጡት ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን ነው። ቁራጯን መሬት እንዳትነካ መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ አድርገዋት ነበር፤ የጀልባው ሰዎች ሲተኙ እንኳ ሆዳቸው ላይ ነበረች አሉኝ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል አልሰጡኝም። ወደ «ሶምባላ» ወጡ። መጀመሪያ ጎኗን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ሦስተኛውን ፎቅ አዩ። ቀለሙ ነጭ ነው፤ ሲያዩት ያምራል።

ፓ ዊሪያ በደስታ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላቸው። ምግብ ቤቱ ገብተው ጨርቁን ፈቱና ቁራጯን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። ፓ ዊሪያ ሚስማርና መዶሻ አስመጣ፤ የት ቢሆን ይሻላል እያለ ግድግዳውን ይለካ ጀመር። ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር።

ያኔ አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አምጣ አልከኝ፤ አመጣሁ። አሁን ቤት የሚጠብቃችሁ የለም» አሉ።

መጀመሪያ የሄደው ባዱላ ነው። ወደ ማዕድ ቤት ገብቶ ድስቱን ከእሳት አወረደ፤ የራሱን ቢላዋ በጨርቅ ጠቀለለ፤ የአጎቴን እጅ ስሞ ወረደ። ከዚያ ሞተረኛው። ከዚያ ሌሎቹ፤ ፍራሻቸውን እያጠፉ አንድ በአንድ። ማንም ማንንም አላየም። አንዱ የአየር ጋን እየሞላ ስለነበር ሞተሩን አጥፍቶ ነው የመጣው፤ ያ ሞተር በቀን ሲጠፋ ሰምቼ አላውቅም።

ፓ ዊሪያ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። መዶሻውን እንደያዘ፣ «ሽማግሌው፣ ይህ እኮ እንጨት ነው» አላቸው።

«እንጨት ነው» አሉት አጎቴ። «መርከቧም እንጨት ናት።»

እኔ ቆሜ ነበር። ፓ ዊሪያ አንተ ካፒቴን ነህ፣ የትም አትሄድም አለኝ። አጎቴን እኔስ ምን ላድርግ አልኳቸው። «ሂድ ከፈለግህ። ሰው የሌላት መርከብ ካፒቴን መሆን አይከለከልም» ብለው ቁራጯን ጠቀለሉ። ተከትያቸው ወረድኩ። መወጣጫው ላይ ክንዳቸውን ሰጡኝ።

እንግዶቹ በመነሻው ቀን ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጡ። በምችላት ጥቂት ቋንቋቸው ነገርኳቸው። መዳፌን ዘርግቼ ጋደም አደረግኩትና እንደዚያው ያዝኩት፤ ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። አንድ ሰውዬ ጮኸብኝ፣ ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ጉዞ ነው ብሎ። ሚስቱ ግን ቀና ብላ ፎቁን አየች፤ ከዚያ ሻንጣዋን ዞር አደረገች። ሌሎች መርከቦች ተከፋፍለው ወሰዷቸው።

ፓ ዊሪያ ሠራተኛ ፍለጋ ወደቡን ዞረ። እዚህ ያለው መርከበኛ ግማሹ የቢራ፣ ግማሹ የአራ መንደር ልጅ ነው፤ ሁሉም ሰምቷል። «ቤት ጠባቂዋ የወጣችባት መርከብ» ይሏታል። በገንዘብ ብዛት ሊያባብል ሞከረ፤ የወጣ የለም። ፎቁን አፈርሳለሁ፣ ከዚያ ቁራጯን መልሳችሁ ቤታችሁ ስቀሉ ብሎ አጎቴን ለመናቸው። ያኔ ነው የደረስኩበት። ቁራጯ አንዴ ከቤት ከወጣች እንደማትመለስ አውቀው ነው የመጡት።

«ሦስት ጊዜ የተፈታች ሚስት እንደ ትናንት ሆና አትመለስም» አሉት።

በማግስቱ በትንሽ ታንኳ ቀዝፌ ወሰድኳቸው። ጠላቂዎቹ የሚወርዱበት ጥልቅ ቦታ ላይ አቁም አሉኝ። ቁራጯን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ፊተኛውን ቁራጭ ታና ቤሩ ላይ ስንጥለው ያደረግነውን ጭፈራ ያስታውሳሉ? አሁን ድምፅ አልነበረም። ለቀቋት። ወዲያው አልሰጠመችም፤ ትንሽ ተንሳፋ ከታንኳው ጎን ጎን ተከተለችን። አጎቴ ያኔ አለቀሱ። «ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው እሷን ነበር» አሉኝ። እኔም አለቀስኩ፤ ግን የእኔ ምን ዋጋ አለው?

«ሶምባላ» ሦስት ፎቋን ተሸክማ ወደቡ ላይ ቆማለች። የእኛ ሰው ከእንግዲህ አይሳፈርባትም። ልጆቹ ሥራ አጥተዋል፤ ሁለቱ አያናግሩኝም።

አጎቴ በሚቀጥለው ጀልባ ይመለሳሉ። ከእሳቸው ጋር ለመምጣት አፍሬ እዚሁ ቀርቻለሁ። በዚህ ደብዳቤ የምለምነው ነገር የለኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ልምጣ ወይስ ልቅር?

ሳምፓራ

*

ታና ቤሩ፣ ጥር 6 ቀን 2004

ለልጄ ለሳምፓራ

ወአለይኩም ሰላም።

አጎትህ ገብቷል። ወደ ባሕሩ አይወርድም። ከጎረቤት ግቢ የመጥረቢያ ድምፅ ሲመጣ ምንጣፉን አንስቶ ወደ ጓሮ ይዞራል። እኔ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ስለ አንተ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገረው፤ «ክንዴን ያዘልኝ» አለ።

ኒስፓ ወልዳለች። ሴት ናት። ምጡ ረዘመ፤ ሲጨንቃት እጇን ወደ ወጋግራው ዘረጋች፤ የለመደችውን ልትነካ። ባዶ ነበር። እኔን ያዘችኝ፤ ክንዴ እስከ ዛሬ ሰማያዊ ነው። አሁን ሁለቱም ደህና ናቸው። ስም አላወጣንም፤ አባቷ ያውጣ ትላለች። ስለ አንተ ሌላ ነገር አትልም።

ውሃው ጋ እናቶቹን አገኘኋቸው። ሥራ ስለ መጥፋቱ ሁለቱ ጮኹብኝ። ከአጎትህ ጋር የተመለሱት ልጆቻቸው ከኋላቸው ባልዲ ተሸክመው ቆመው ነበር፤ በእግራቸው ቆመው። እናቶቹ ዞር ብለው አዩአቸው፤ ከዚያ ጩኸቱን ተዉት።

ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሃል። በአንተ ላይ ያለኝ ቁጣ ገና አልበረደም። ያንን ሽማግሌ የገዛ ልጁን በእጁ አስቀበርከው። ኒስፓን ሙቀጫ ላይ አቆምካት። ለእንግዶች ጨዋታ ብለህ የቤታችንን ነገር እራት ላይ አቀረብክ። ይህን ሁሉ በደብዳቤ አልጨርሰውም፤ ወረቀቱም አይበቃኝም።

ስለዚህ ና። የሞተን ሰው አይቆጡትም። አንተ ግን በሕይወት አለህ፤ ና፣ ፊት ለፊት ልቆጣህ።

አክስትህ
ጁማሪያ